ቀለም የት ነው ያለው? ስለ ዐይን፣ ስለ አእምሮና ስለ ገሃዱ ዓለም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለወንድሜ ሠርግ ጥቁር ሱፍ ልብስ ገዝቼ ነበር። ሱቁ ውስጥ ጥቁር ነበር፤ ቤት ወስጄ በረንዳ ላይ ስዘረጋው ሰማያዊ ሆኖ አረፈው። በማግስቱ ይዤው ስመለስ ባለሱቁ ሳይደነግጥ «ልብሱ ያው ነው፤ የተለወጠው መብራቱ ነው» አለኝ። ገንዘቤን አልመለሰልኝም፤ ጥያቄ ግን አሸክሞ ሰደደኝ። ልብሱ ያው ከሆነ ቀለሙ የማን ነበር? የጨርቁ፣ የመብራቱ ወይስ የእኔ? ከዚያ ወዲህ ስለ ንቃተ ኅሊናና ስለ እውነታ ወሬ በተነሣ ቁጥር ጨዋታውን ወደ ቀለም እጎትተዋለሁ። ሰዎች የሚያነሡብኝ ጥያቄ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ስለሆነ እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቲማቲም በእርግጥ ቀይ ነው ወይስ ለእኛ ብቻ ነው ቀይ የሚመስለን?

ሁለቱም መልሶች ተጣድፈዋል። የቲማቲም ልጣጭ ከሚያርፍበት ብርሃን ውስጥ አጫጭሮቹን ሞገዶች ውጦ ረጃጅሞቹን ይመልሳል። ይህን ለማወቅ ዐይን አያስፈልግም፤ መሣሪያ ይለካዋል፣ ሰው በሌለበት ክፍል ውስጥም ያው ነው። በሌላ በኩል የሰው ዐይን የሚያየው የሞገዱ ርዝመት ከ380 እስከ 750 ናኖሜትር ገደማ የሆነውን ብርሃን ብቻ ነው። አንድ ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር ሚሊዮንኛ እጅ ነው። ከዚህ ጠባብ መስኮት ውጭ ያሉት የራጅ ጨረሮችና የሬዲዮ ሞገዶች የብርሃን የሥጋ ዘመዶች ናቸው፤ የሚለያያቸው የሞገዳቸው ርዝመት ነው። የሬዲዮ ሞገድ ቀለሙ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። 700 ናኖሜትርም ለብቻው ሲታሰብ ርዝመት ነው እንጂ ቅላት የለውም።

አይዛክ ኒውተን በ1666 የፀሐይን ጨረር በመስተዋት ፕሪዝም አሳልፎ ወደ ቀስተ ደመና ቀለማት በተነው። በ1704 ባሳተመው መጽሐፍ ግን አንባቢውን አስጠነቀቀ፤ ጨረሮቹ ራሳቸው ባለቀለም አይደሉም፣ ያላቸው ነገር የዚህን ወይም የዚያን ቀለም ስሜት የመቀስቀስ ኃይል ነው አለ። ከእርሱ በፊት ጋሊሊዮ በ1623 ባሳተመው ጽሑፍ የበለጠ ደፍሮ ነበር፤ ሕያው ፍጥረት ባይኖር ጣዕም፣ ሽታና ቀለም ባዶ ስም ሆነው ይቀራሉ ብሎ ነበር። እኔ ጋሊሊዮ አንድ እርምጃ አልፎ ሄዷል ባይ ነኝ። የስኳር ጣፋጭነት ምላስን ይፈልጋል፤ ስኳርን ከጨው የሚለየው ነገር ግን ማንም ሳይቀምሰው ከረጢቱ ውስጥ አለ። ቀለምም እንደ ውል ነው፤ አንድ ወገን ለብቻው አይፈርመውም።

ታዲያ ዐይን የሞገዱን ርዝመት ይለካል ማለት ነው?

አይለካም፤ ነገሩ የሚጥመውም እዚህ ላይ ነው። በእያንዳንዱ ዐይን ሬቲና ላይ፣ ማለትም ብርሃን በሚያርፍበት የዐይን የኋላ ሽፋን ላይ፣ ለቀለም የተሠሩ፣ ኮን የሚባሉ ሕዋሳት ስድስት ሚሊዮን ገደማ አሉ፤ ዓይነታቸው ግን ሦስት ብቻ ነው። አንዱ ለአጫጭር፣ አንዱ ለመካከለኛ፣ አንዱ ለረጃጅም ሞገዶች ይበልጥ ይነቃል። አንድ ኮን ብርሃን ሲያርፍበት የሚናገረው ምን ያህል እንደተነካ ብቻ ነው፤ በየትኛው ሞገድ እንደተነካ አያውቅም። እምብዛም በማይስማማው ሞገድ የመጣ ደማቅ ብርሃንና በሚስማማው ሞገድ የመጣ ደካማ ብርሃን አንድ ዓይነት ቃል ሊያሰጡት ይችላሉ። ስለዚህ አንድ ምስክር ብቻውን ዋጋ የለውም። ፍርዱ የሚሰጠው የሦስቱ ምስክሮች ቃል ሲመሳከር ነው፤ ማመሳከሩም እዚያው ሬቲና ላይ ይጀመርና አእምሮ ውስጥ ይቀጥላል።

ብርሃን እጅግ ሲደክም ኮኖቹ ሥራ ያቆማሉ። ተራውን የሚረከቡት ሮድ የሚባሉ ሕዋሳት አንድ ዓይነት ብቻ ስለሆኑ የሚመሳከር ቃል የለም። በጨረቃ ብርሃን ግቢ ውስጥ ያለች ቀይ ጽጌረዳ ጥቁር መስላ የምትታየው ለዚህ ነው። በጨለማ ያየውን ሌባ «ቀይ ሹራብ ለብሶ ነበር» ብሎ የሚምል ምስክር ቢመጣ ዳኛው ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

የስልክ ስክሪን ላይ ያለው ቢጫ እውነተኛ ቢጫ አይደለም ሲባል ሰምቻለሁ። እንዴት?

ጋዝ ምድጃ ላይ የተጣደ ጨው ያለበት ውሃ ገንፍሎ እሳቱን ሲነካ ሰማያዊው ነበልባል ድንገት ቢጫ ሲሆን አይተው ይሆናል። ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ሲግል 589 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ብርሃን ስለሚሰጥ ነው፤ ከዚህ የጠራ ቢጫ አይገኝም። አሁን ስልክዎን አውጥተው የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ምስል ይክፈቱ። ስክሪኑ ላይ ያሉት ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነጠብጣቦች ብቻ ናቸው። መካከል ላይ ያለው ቢጫ የሚታየው ቀዩና አረንጓዴው ነጠብጣብ አብረው ሲበሩ ነው። ከላይና ከታች ያሉት ሁለቱ ቀለማት ተጋግዘው የመካከለኛውን ወለዱት ማለት ነው። ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው አንዲት ትንሽ የውሃ ጠብታ ስክሪኑ ላይ ያኑር፤ ጠብታዋ እንደ ማጉያ መነጽር ሆና ነጠብጣቦቹን ለያይታ ታሳያለች።

የምድጃው ቢጫና የስልኩ ቢጫ በፊዚክስ አይገናኙም፤ ሦስቱን ምስክሮች ግን ተመሳሳይ ቃል ያሰጧቸዋል። «እውነተኛ አይደለም» የሚለውን ፍርድ ግን አልቀበልም። ቢጫ ማለት 589 ናኖሜትር ማለት ቢሆን ሙዝም ሐሰተኛ ቢጫ በሆነ ነበር፤ የሙዝ ልጣጭም አረንጓዴውን፣ ቢጫውንና ቀዩን ብርሃን ቀላቅሎ ነው የሚመልሰው። ቀይና ሰማያዊ ብርሃን ሲቀላቀል የሚወጣው ደማቅ ወይን ጠጅ ደግሞ ቀስተ ደመና ውስጥ የትም የለም፤ እርሱን ለብቻው የሚወክል አንድም የሞገድ ርዝመት አልተፈጠረም። ሸማኔዎቻችን ግን ይህን ሳይጠይቁ በነጠላው ጥለት ላይ ሲጥሉት ኖረዋል።

በሱፉ ጉዳይ ባለሱቁ ትክክል ነበር?

በሳይንሱ አዎ፣ በገንዘቡ አይደለም። ቢጫማ መብራት ሰማያዊ ጨረሩ ጥቂት ነው። ጠቆር ያለ ሰማያዊ ጨርቅ ሊመልሰው የሚችለውን ብርሃን የሚሰጠው ካጣ ጥቁር ከመምሰል በቀር ምርጫ የለውም። መርካቶ ጨርቅ መግዛት የሚያውቁ ሴቶች ጣቃውን ይዘው ወደ በር የሚወጡት ለዚህ ነው፤ እኔ ያልጠየቅኋቸው ጥፋቱ የራሴ ነው።

ይበልጥ ሊያስገርመን የሚገባው ግን የቀለም መለወጥ ሳይሆን አለመለወጡ ነው። ነጭ ነጠላ በረፋድ ፀሐይ፣ በዛፍ ጥላ ሥርና በሻማ ብርሃን ወደ ዐይናችን የሚልከው ብርሃን እጅግ የተለያየ ነው። እኛ ግን ሁልጊዜ ነጭ ነው እንላለን። አእምሮ የመብራቱን ጠባይ ገምቶ ከሚመጣው ብርሃን ላይ እየቀነሰ፣ የዕቃውን ድርሻ ለብቻ ለማውጣት ይሞክራል። ይህን ሲያደርግ አይነግረንም፤ ሒሳቡን በጓዳ ሠርቶ ውጤቱን ብቻ ያቀርብልናል።

ግምቱ ሲስት ምን እንደሚመጣ በ2015 መጀመሪያ ዓለም ሁሉ አየ። ከስኮትላንድ የወጣ የአንድ ቀሚስ ፎቶግራፍ በኢንተርኔት ሲሰራጭ አንዱ ሰማያዊና ጥቁር ነው አለ፣ ሌላው ነጭና ወርቃማ ነው ብሎ ማለ፤ አንድ ስክሪን አብረው እያዩ የተጣሉ ብዙ ነበሩ። ቀሚሱ ሰማያዊና ጥቁር ነበር። ፎቶግራፉ በምን ዓይነት ብርሃን እንደተነሣ ፍንጭ ስለማይሰጥ ሁሉም አእምሮ ከራሱ ልማድ ተነሥቶ ገመተ። ፓስካል ዋሊሽ የተባለ ተመራማሪ በ2017 ባወጣው ጥናት ማልደው የሚነሡ ሰዎች ሌሊት ከሚያመሹት ይልቅ ቀሚሱን ነጭና ወርቃማ አድርገው የማየት ዝንባሌ እንዳላቸው አሳይቷል። የሰጠው ማብራሪያ ይህ ነው፤ ቀኑን በፀሐይ የሚውል ሰው አእምሮው ሰማያዊነቱን የቀን ብርሃን ያመጣው ነው ብሎ ይቀንሰዋል፣ በመብራት የሚያመሸው ደግሞ ቢጫነቱን ይቀንሳል። የአኗኗር ልማድ ቀሚስ ሲቀባ ማየት ለእኔ ከማንኛውም የፍልስፍና ክርክር ይበልጣል።

ቀለም መለየት የሚያቅታቸው ሰዎች ዓለምን ጥቁርና ነጭ አድርገው ነው የሚያዩት?

እጅግ ጥቂቶች ብቻ። የሚበዙት ቀይና አረንጓዴን ከመሰል ቀለማት ለመለየት የሚቸገሩ ናቸው። ጉድለቱን የሚያመጣው ዘረመል በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ስለሚገኝና ወንድ አንድ ኤክስ ብቻ ስላለው ችግሩ በወንዶች ላይ ይበዛል፤ ለምሳሌ መነሻቸው ሰሜን አውሮፓ ከሆኑ ሰዎች መካከል ከወንዶቹ 8 በመቶ ያህሉ፣ ከሴቶቹ ግን ግማሽ በመቶ ገደማ ብቻ እንዲህ ናቸው።

የጆን ዳልተን ታሪክ ከእኔ ሱፍ ጋር ስለሚመሳሰል እወደዋለሁ። እንግሊዛዊው የኬሚስትሪ ሊቅ 26 ዓመት እስኪሞላው ድረስ እንደ ሌላው ሰው የሚያይ ይመስለው ነበር። በ1792 አንዲት አበባ በቀን ሰማያዊ፣ ማታ በሻማ ብርሃን ቀይ ሆና ታየችው። ወዳጆቹን ሲጠይቅ ከወንድሙ በቀር ማንም እንዲህ አላየም። በ1794 ጉዳዩን በይፋ ሲያቀርብ ዐይኑ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሰማያዊ ቢሆን ነው ብሎ ገመተ፤ ከሞተ በኋላም ዐይኑ እንዲመረመር ተናዘዘ። በ1844 ሲሞት ዐይኑ ተከፈተ፤ ፈሳሹ እንደማንኛውም ሰው የጠራ ነበር። ቅሪቱ ተጠብቆ ቆይቶ በ1995 ዘረመሉ ሲመረመር የጎደለው የመካከለኛ ሞገዶች ምስክር መሆኑ ታወቀ። ሰውየው ስለ ሁኔታው አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ስለ ምክንያቱ ነው። ስለ ራሳችን ስንናገር ይህን ልዩነት ብዙ ጊዜ እንዘነጋዋለን።

እኔ «ቀይ» የምለው ለሌላው ሰው እኔ «አረንጓዴ» የምለውን መስሎ ይታየው ይሆን?

ይህን ጥያቄ እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ1690 አንሥቶታል፤ ልጆች ሁሉ ደግሞ ሎክን ሳያነቡ ያነሡታል። ጥያቄው የሚመስለውን ያህል ክፍት አይደለም። ቀለማት እንደ ክብ ቀለበት ወደፈለጉበት የሚዞሩ አይደሉም። ቢጫ ከሁሉም ይልቅ ለብርሃን ይቀርባል፤ ጠቆር ያለ ሰማያዊ አሁንም ሰማያዊ ነው፣ ጠቆር ያለ ቢጫ ግን ቢጫነቱን ትቶ ወደ ሌላ ቀለም ይሄዳል። ቢጫና ሰማያዊ ተቀያይረው የሚታዩት ሰው ቢኖር በእነዚህ ንጽጽሮች ላይ ከእኛ ጋር ባልተስማማ ነበር። ትናንሽ ልዩነቶች ግን በእርግጥ አሉ። የረጃጅም ሞገዶች ኮን በሰዎች መካከል ሁለት የተለመዱ ዓይነቶች ስላሉት ዐይናቸው ጤነኛ የሆነ ሁለት ሰዎች አንድን ቀለም ለመድገም የሚቀላቅሉት የቀይና የአረንጓዴ ብርሃን መጠን በጥቂቱ ይለያያል።

አማርኛችን ለቀለም የሰጠው ስም አስተያየታችንን ይለውጠዋል?

ቀይ ጤፍ ቡናማ ነው፣ ነጭ ጤፍም ነጭ አይደለም። ቀይ ሰው ስንል ማንም በርበሬ የመሰለ ሰው አያስብም። «ቀይ» በአማርኛ የሞገድ ርዝመት ሳይሆን አንጻር የሚነግር ቃል ነው፤ ከጠይሙና ከጥቁሩ፣ ከነጩና ከሰርገኛው የሚለይበትን ያመለክታል። ሰማያዊ ከሰማይ፣ ቡናማ ከቡና፣ ብርቱካናማ ከብርቱካን መጡ፤ ቀይ፣ ነጭና ጥቁር ግን የማንንም ስም አልተበደሩም። በ1969 ብሬንት በርሊንና ፖል ኬይ የተባሉ ተመራማሪዎች የብዙ ቋንቋዎችን የቀለም ስሞች አነጻጽረው፣ ስማቸው ጥቂት በሆነ ቋንቋዎች ነጭ፣ ጥቁርና ቀይ እንደሚቀድሙ ጽፈዋል፤ ክርክር ባያጣውም ከእኛ ቃላት ጋር ይገጥማል።

ስም የሌለውን ቀለም አናይም የሚለው ግን ሐሰት ነው። ሩሲያኛ ለፈዛዛና ለጠቆር ያለ ሰማያዊ ሁለት የተለያዩ መደበኛ ስሞች አሉት። በ2007 በወጣ ጥናት ሩሲያኛ ተናጋሪዎች ሁለቱ ሰማያዊዎች በስም ሲለያዩ ለመለየት ትንሽ ፈጥነዋል። የተገኘው የፍጥነት ልዩነት ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹም ልዩነቱን ማየቱንስ አይተውታል።

ንብ አበባን እንደ እኛ ታያለች?

አታይም። የንብም ምስክሮች ሦስት ናቸው፤ ለአረንጓዴ፣ ለሰማያዊና እኛ ለማናየው አልትራቫዮሌት። ቀይ ለእርሷ ከጨለማ ብዙም አይለይም። ካርል ፎን ፍሪሽ የተባለ የእንስሳት ተመራማሪ ከመቶ ዓመት በፊት ንቦችን በሰማያዊ ካርድ ላይ የስኳር ውሃ አስለምዶ፣ ካርዱን ከብዙ ግራጫ ካርዶች መካከል ለይተው እንደሚያርፉበት አሳየ። የአደይ አበባ ቤተሰብ ከሆኑት ቢጫ አበቦች ብዙዎቹ ለእኛ ወጥ ቢጫ መስለው ሳለ ለንብ መካከላቸው የጠቆረ፣ ዳርቻቸው የደመቀ የዒላማ ምልክት አላቸው። ትክክለኛዋን አበባ የምታየው ንቧ ናት ብሎ የተከራከረኝ ሰው ነበር። እርሷም ቀዩን ሳታይ ነው የምትኖረው አልሁት።

ይህ ሁሉ ስለ ሕዋሳት ነው። የቅላቱ ስሜት ራሱ ከየት ይመጣል?

ፈላስፋው ዴቪድ ቻልመርስ በ1995 «ከባዱ ችግር» ብሎ የሰየመው ይህ ነው። አእምሮ ቀለምን እንዴት እንደሚለይ፣ እንደሚያስታውስና ስም እንደሚሰጠው በምርምር የሚፈታ ሥራ ነው። ያ ሥራ ሲሠራ ለምን ከውስጥ የሚሰማ ነገር ይኖራል የሚለው ግን ሌላ ነው። ስሜቱ ከአእምሮ ሥራ ጋር መታሰሩ አያጠራጥርም፤ ከአእምሮ የኋላ ታችኛ ክፍል የተወሰነ ቦታ ሲጎዳ ዐይን ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ሳለ ዓለም አመድ የመሰለበት ሰው ይገኛል።

ፍራንክ ጃክሰን የተባለ ፈላስፋ በ1982 አንዲት ሜሪ የምትባል ሴት አስቡ አለ። ጥቁርና ነጭ በሆነ ክፍል ውስጥ ተዘግታ ያደገች፣ ስለ ቀለም የተጻፈውን ሳይንስ ሁሉ የጨረሰች ሊቅ ናት። አንድ ቀን ወጥታ ቲማቲም ብታይ አዲስ ነገር ታውቃለች? ጃክሰን አዎ ብሎ፣ እንግዲያው ሳይንሱ ያልያዘው እውነት አለ ሲል ደመደመ፤ ከዓመታት በኋላ ግን ራሱ ሐሳቡን ለወጠ። እኔ ሜሪን የማስባት እንጀራ ጋግራ እንደማታውቅ ምሁር ነው። የሊጡን ቅጥነት፣ የምጣዱን ግለት፣ ዐይን የሚወጣበትን ደቂቃ በቃሏ ታውቃለች። ምጣዱ አጠገብ ስትቆም የሚጎድላት እጅ ነው እንጂ ሌላ የዕውቀት ገጽ አይደለም። ይህ ጥያቄውን እንደሚያሳንሰው እንጂ እንደማያጠፋው አልክድም። የአእምሮ ተመራማሪው ክሪስቶፍ ኮክ በ1998 ከቻልመርስ ጋር ተወራርዶ ነበር፤ በ25 ዓመት ውስጥ ንቃተ ኅሊና በአእምሮ ነርቮች ላይ ያለው አሻራ በግልጽ ይታወቃል አለ። በ2023 ኒው ዮርክ ላይ በአደባባይ ተሸንፎ የወይን ጠጅ ከፍሏል።

ኳንተም ፊዚክስ ተመልካች ከሌለ ዓለም የለችም ይላል የሚባለውስ?

አይልም። በኳንተም ፊዚክስ «መመልከት» ማለት አንድ ቅንጣት ከሌላ ነገር ጋር ተነካክቶ ምልክት መተው ነው። በሁለት ቀዳዳ በኩል በሚያልፍ ኤሌክትሮን ሙከራ ላይ፣ በየትኛው በኩል እንዳለፈ መሣሪያ ከመዘገበ ኤሌክትሮኖቹ ከኋላ ባለው ሰሌዳ ላይ የሚሠሩት የሞገድ ጥለት ይጠፋል፤ መዝገቡን ማንም ባያነበውም ይጠፋል። የአየር ቅንጣት ገጭቶት ቢያልፍም ያው ነው፤ አየር ደግሞ አያስብም። ዩጂን ዊግነር የተባለው የኖቤል ተሸላሚ በ1961 ንቃተ ኅሊና ድርሻ ሊኖረው ይችላል ብሎ ጽፎ ነበር፤ እርሱም በኋላ ትቶታል። የንድፈ ሐሳቡ ትርጉም አሁንም ሊቃውንቱን ያከራክራል፤ ክርክሩ ግን በሐሳብ ኃይል ሀብት ስለመሳብ አይደለም። ጨረቃ ከተሠራች አራት ቢሊዮን ተኩል ዓመት ገደማ ሆኗታል፤ በዐለት የተደበደበችበት ጠባሳ አብዛኛው ዐይን ያለው ፍጥረት ከመኖሩ በፊት የተጻፈ ነው።

እንግዲያው የምናየው ሁሉ ቅዠት ነው?

ቀይ መሐረብ ለሠላሳ ሰከንድ ያህል ዐይንዎን ሳያንቀሳቅሱ ይመልከቱ፤ ከዚያ ነጭ ግድግዳ ላይ ያፍጥጡ። ሰማያዊ የቀላቀለ አረንጓዴ መሐረብ ግድግዳው ላይ ይንሳፈፋል፤ የደከመው የረጃጅም ሞገዶች ምስክር ድምፁን ስለቀነሰ የተፈጠረ ነው። ይህ በእርግጥ ቅዠት ነው። ቅዠትነቱን ያወቁት ግን እንዴት ነው? ዐይንዎን ሲያዞሩ አብሮ ስለሚዞር፣ አጠገብዎ ያለ ሰው ስለማያየው፣ እጅዎ ስለማይዳስሰው ነው። በእጅዎ ያለው ቀዩ መሐረብ ግን ከእነዚህ ፈተናዎች አንዱንም አልወደቀም።

ሱፉስ መጨረሻው ምን ሆነ?

ለብሼው ሠርጉን ዋልኩበት። በፎቶግራፎቹ ላይ ቀን ሜዳ የተነሣነው ሰማያዊ፣ ማታ አዳራሽ ውስጥ የተነሣነው ጥቁር ነው። የወንድሜ ልጅ አልበሙን ሲያገላብጥ «ጋሼ፣ ልብስ ቀይረህ ነበር እንዴ?» ብሎ ጠይቆኛል።